በዳክ ውጤት ላይ ምን ዓይነት ማጣሪያ ይግባ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ባለው ቤቴ፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ የናሙና ፍጥነት (በሰከንድ 44,100 ዋጋ እያወጣ) የሚሠራ ባለ 12 ቢት ዳክ፣ ማለትም ዲጂታል ቁጥርን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር ክፍል፣ ያለው የድምፅ ማመንጫ ሠርቻለሁ። በውጤቱ ላይ እንደ ማጣሪያ ባለ 1 ኪሎኦም ሬዚስተርና ባለ 4.7 ናኖፋራድ ካፓሲተር ብገጥምም፣ 20 ኪሎኸርዝ ሳመነጭ ኦሲሎስኮፑ (ሞገዱን በስክሪን የሚያሳየው መሣሪያ) ላይ የሞገዱ ቁመት እያበጠ ይሟሽሻል። ጥፋቱ የዳኩ ነው?

መልስ 1፦ ዳኩ ጤነኛ ነው። ናሙና ተደርጎ የወጣ ምልክት በናሙናው ፍጥነት ዙሪያ ቅጂውን ስለሚያስከትል፣ ከ20 ኪሎኸርዙ ጎን 24.1 ኪሎኸርዝ ላይ ሌላ ሞገድ አለ፤ የሚያዩት እብጠት የሁለቱ ድምር ነው። የገጠሙት ማጣሪያ መቁረጥ የሚጀምረው 34 ኪሎኸርዝ አካባቢ በመሆኑ ቅጂውን በ2 ዲሲቤል (የምልክት ጥንካሬ ልዩነት መለኪያ) እንኳ አይቀንሰውም። በአናሎግ ብቻ፣ ማለትም ከዳኩ በኋላ በሚገጠም ማጣሪያ፣ ልለየው ቢሉ እጅግ ቁልቁል የሆነ፣ 20ውን አሳልፎ 24.1ን በድንገት የሚቆርጥ ማጣሪያ ያስፈልግዎታል፤ እኔ ድካሙን አልመክረውም። ይልቁንም በፕሮግራሙ ውስጥ ናሙናውን 8 እጥፍ አብዝተው በዲጂታል ያጣሩት። ያን ጊዜ ቅርቡ ቅጂ ወደ 332.8 ኪሎኸርዝ ስለሚሸሽ ቀለል ያለ ባለ ሦስተኛ ደረጃ የአናሎግ ማጣሪያ ይበቃል።

መልስ 2፦ በዚያውም ዳኩ እያንዳንዱን ዋጋ እስከሚቀጥለው ናሙና ይዞ ስለሚቆይ 20 ኪሎኸርዝ ላይ የሚጠፋው 3.2 ዲሲቤል ገደማ ይመለስልዎታል። ካፓሲተሩን ግን ሲዜሮጂ (C0G) ከሚባለው፣ በሙቀት ዋጋው እምብዛም ከማይለወጠው የሴራሚክ ዓይነት ይምረጡ፤ ሌላው ርካሽ ሴራሚክ በእኛ ከተማ ሙቀት ዋጋው ይዋዥቃል።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 4 እጥፍ ብቻ አብዝቼ ስሞክረው እንኳ እብጠቱ ጠፍቷል።