ከፍራንክፈርት ፓሪስ፦ በባቡር ልሂድ ወይስ በአውሮፕላን?

የአዘዞዋ ነርስ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ጎንደር ነው ያለሁት፣ አዘዞ። ለአምስት ቀን ሥልጠና ፍራንክፈርት ልሄድ ነው። የደርሶ መልሱን ትኬት የሚቆርጡልኝ ጋባዦቼ ናቸው፣ ገና አልተቆረጠም። ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ሦስት ቀን አለኝ። ታናሽ እህቴ ፓሪስ ናት፤ ሳን ደኒ ከሚባል ሰፈር። ከተለያየን ስድስት ዓመት ሆነን። ልጅ ወልዳ አሁን ድክ ድክ ይላል፣ እኔ ግን ከስልክ ውጭ አይቼው አላውቅም። ከሦስቱ ቀን አንዱ መንገድ ላይ እንዳያልቅብኝ ነው የምፈራው።

እህቴ «በአውሮፕላን ነይ፣ አንድ ሰዓት ምናምን ነው» ትለኛለች። ባለቤቷ ደግሞ ባቡር ይላል። እኔ በባቡር ሄጄ አላውቅም። እኛ ጎንደር ሐዲድ የለም፣ የድሬዳዋ ሰው ብጠይቅ ይሻል ነበር።

ሌላው ጭንቀቴ ሻንጣው ነው። እማዬ በርበሬና ሽሮውን አስፈጭታ ጨርሳለች፣ ድርቆሹ ደርቋል፣ ዳቦ ቆሎውም ተቆልቷል። ቅቤውን አንጥራ በጣሳ አሽጋዋለች፣ ቋንጣም አለ። ባጠቃላይ ሁለት ሻንጣ ሞልቷል። እስከ ፍራንክፈርት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቀዳል ተብያለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን የሚነግረኝ አጣሁ። የሄዳችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ቀበሌ 18፦

በአውሮፕላን ሂጂ። በረራው ከአንድ ሰዓት ከሩብ አይበልጥም። ሳን ደኒም ሻርል ደ ጎል ኤርፖርት ባለበት በሰሜኑ በኩል ስለሆነ እህትሽ ልትቀበልሽ አትቸገርም። ትኬቱን ቀደም ብለሽ ከያዝሽ ዋጋውም ያን ያህል አይደለም።

ማንሃይም ያለሁ፦

እህቴ፣ እኔም የጎንደር፣ የማራኪ ልጅ ነኝ፣ ጀርመን ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው። ይችን የፓሪስ መንገድ በሁለቱም ሄጄባታለሁ። በባቡር ሂጂ።

ያቺን «አንድ ሰዓት ከሩብ» ከቤት እስከ ቤት ቁጠሪያት። ከከተማው ወደ ኤርፖርት የሚሄደው የከተማ ባቡር 15 ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ሻንጣ የምታስረክብ ሰው ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድማ መገኘት አለባት። በረራው አለ። ፓሪስ ስትወርጂ ደግሞ ሻንጣሽ እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ፣ ከኤርፖርቱ መሃል ከተማ በባቡር ሌላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ነው። ቢፈጥን አምስት ሰዓት ሆነ። በባቡር ከሆነ ከፍራንክፈርት ዋናው ጣቢያ ተሳፍረሽ አራት ሰዓት ገደማ ውስጥ ፓሪስ መሃል ትወርጃለሽ። ጣቢያው የምሥራቅ ጣቢያ ይባላል፣ ወደ ሳን ደኒ የሚወስደው ባቡር ያለበት የሰሜን ጣቢያ ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ያንን ፈጣን ሐዲድ ሲይዝ በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ የያዝሽው ሻይ ግን አይፈስም።

የሻንጣውን ነገር ልንገርሽ። የዛሬ አራት ዓመት እናቴ ከጎንደር መጥታ ነበርና ፓሪስ ያለችው አክስቴ ዘንድ ልወስዳት ርካሽ የተባለ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጥኩ። ትኬቱ ሻንጣ እንደማይጨምር ያወቅሁት ሻንጣው ሚዛን ላይ ሲወጣ ነው። የተጠየቅሁት ገንዘብ ከትኬቱ ዋጋ በለጠ። እናቴ እዚያው መሬት ላይ ተንበርክካ ሻንጣውን ከፈተችው። ከሽሮው ፌስታል አንዱ ተቀዶ ኖሮ ነጠላዋ ሁሉ ሽሮ ሆነ፣ ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ያያል። እኔ ከፈልኩ፣ እሷ ግን እስክንደርስ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ከእናቴ ጋር የምንሄደው በባቡር ብቻ ነው። ባቡር ላይ ሻንጣሽን የሚመዝነው የለም። ከበሩ አጠገብ የሻንጣ መደርደሪያ አለ፣ ቀድመሽ ከገባሽ ቦታ አታጪም።

ባቡር ጉድለት የለውም አልልሽም። የጀርመን ባቡር በሰዓቱ ይገኛል የሚባለው የድሮ ወሬ ነው። በፈረንጆቹ 2024 ከረጅም ርቀት ባቡሮቻቸው በሰዓቱ የደረሱት 62 ከመቶ ገደማ ነበሩ፤ እሱም ስድስት ደቂቃ ያልሞላው መዘግየት ሳይቆጠር። ስለዚህ መሃል ላይ መቀየር ያለበትን ትኬት ርካሽ ነው ብለሽ እንዳትገዢ፣ ቀጥታ የሚሄደውን ያዢ። አንድ ሰዓት ከዘገየ የትኬቱን 25 ከመቶ፣ ሁለት ሰዓት ከዘገየ 50 ከመቶውን መጠየቅ ትችያለሽ። ርካሹ ትኬት ለዚያችው ባቡር ብቻ እንደሚያገለግልም እወቂ።

ፓስፖርትሽን ሻንጣ ውስጥ አታድርጊው። ቪዛው ለሁለቱም አገር አንድ ነው፣ ባቡር ውስጥ ግን ፖሊስ ገብቶ ሊጠይቅ ይችላል። ለቪዛው ስታመለክቺም የፓሪሱን ሦስት ቀን አትደብቂ። ብዙውን ቀን የምትቆዪው ጀርመን ስለሆነ ማመልከቻው ለጀርመን ነው፣ የእህትሽን ግብዣ አያይዢበት።

ቅቤና ቋንጣውን ግን ተዪው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር በመንገደኛ ሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፣ ፍራንክፈርት ጉምሩክ ላይ ካገኙት ይወስዱታል። የእናት እጅ ያነጠረው ቅቤ ቆሻሻ ውስጥ ሲጣል አይቻለሁ፣ አንቺ እንድታዪው አልፈልግም። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ዳቦ ቆሎው ችግር የለውም። ማር ከሆነ እስከ ሁለት ኪሎ ይገባል።

ዋናውን ረስቼው ልዘጋ ነበር። ለምንድን ነው ወደ ፍራንክፈርት የምትመለሺው? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፓሪስም ይበራል። ለጋባዦችሽ ዛሬውኑ ጻፊላቸው፤ መሄጃው ፍራንክፈርት፣ መመለሻው ከፓሪስ ይሁን በያቸው። አንዴ ከተቆረጠ ማስቀየር ያስከፍላል። እንደዚያ ከሆነ ባቡሩ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከልጁ ጋርም ግማሽ ቀን ይጨመርልሻል። ጎንደር የምትሳፈሪውም በዚያው ትኬት ውስጥ ይግባ፣ ሻንጣሽ አዲስ አበባ ላይ ሳያንገላታሽ እንዲያልፍ።

ቀበሌ 18፦

ከፓሪስ የመመለሱ ነገር አልታየኝም ነበር። እንደዚያ ከሆነ ባቡሩ ይሻላል፣ እኔም ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።

ጡረተኛው ከፒያሳ፦

ልጄ፣ ባቡሩንም አውሮፕላኑንም የሚያበላሽ አንድ ነገር አለና እሱን ልንገርሽ፦ ሰዓቱ። አምና ልጄ ዘንድ ሄጄ፣ ስመለስ ብቻዬን ባቡር መያዝ ነበረብኝ። ትኬቱ ላይ 7:55 ይላል። እኔ በኛ ቆጠራ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ55 ነው ብዬ ቁርሴን በልቼ፣ ተሰናብቼ፣ እኩለ ቀን ላይ ጣቢያ ደረስኩ። ባቡሩ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሄዷል። ትኬቱ ለሌላ ባቡር ስለማይሆን አዲስ ተገዛ። ልጄ አንድ ቀን ከሥራ ቀረ፣ ያ እስካሁን ይቆጨኛል።

አንቺ ትኬቱ እንደመጣልሽ ሰዓቱን በእጅሽ ጻፊው፣ በነሱም በኛም። 13:10 ካለ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ10 ነው። ቀኑንም እንደዚሁ፤ የነሱ ወር በቁጥር ሲጻፍ ከኛው ጋር ይምታታል። ትኬቱ ላይ የፉርጎው ቁጥርና የወንበሩ ቁጥር አለ። ፍራንክፈርት ላይ የመቆሚያው መሬት በፊደል ስለተከፋፈለ ፉርጎሽ የሚቆምበትን ፊደል ከሰሌዳው አይተሽ እዚያ ሄደሽ ቁሚ። እኔ ይህን ባለማወቄ ሻንጣ እየጎተትኩ የባቡሩን ወገብ ሙሉ ሮጫለሁ። ለእህትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ልጁንም እግዜር ያሳድግላት።

የአዘዞዋ ነርስ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለጋባዦቼ ትናንት ማታ ጻፍኩ፣ ዛሬ ጠዋት መልስ መጣ። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ መመለሻውን ከፓሪስ ሊያደርጉልኝ ተስማምተዋል። ባቡሩን ቀጥታ የሚሄደውን እህቴ ቆረጠችልኝ። 12:56 ይላል። በኛ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ56 ብዬ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ አባባ፣ ያንቱ ምክር ነው።

የቅቤውን ነገር ለእማዬ እንዴት ብዬ እንደምነግራት ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ስነግራት ዝም አለች፣ ከዚያ «ማሩን ማን ከለከለ?» አለችኝ። አሁን ሁለት ኪሎ ማር ልትገዛ ቅዳሜ ገበያ ወርዳለች። የቅቤውን ጣሳ ከፍታው ነው የሄደችው፤ ከሰዓት ለጎረቤት ቡና ሲፈላ ቂንጬ ይሠራበታል።