ለዳክዬ መጥሪያ ፊሽካ የሚሆን ጠንካራ እንጨት

ጥያቄ፦
በአሜሪካዋ አርካንሳስ ግዛት የምኖር ሲሆን፣ በትርፍ ጊዜዬ አዳኞች የዳክዬ ድምፅ እያስመሰሉ የሚነፉትን የዳክዬ መጥሪያ ፊሽካ በቶርኖ እሠራለሁ። ዋልነት ከሚባለው እንጨት የሠራሁት ረግረግ ውስጥ ሲውል በእርጥበት አብጦ፣ ሲነፋ እየተርገበገበ ድምፅ የሚሰጠውን ምላስ የያዘው ክፍል ከቱቦው አልላቀቅ አለኝ። የትኛውን እንጨት ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦
በእኔ አስተያየት የአፍሪካ ብላክውድን የሚያህል የለም። ክላርኔት የሚሠራበትና በአገራችን ቆላማ ሥፍራዎችም የሚበቅለው ይህ ዛፍ፣ እንጨቱ ውሃ ውስጥ እስኪሰምጥ ድረስ ከባድ በመሆኑ፣ ቅርጹን ሳይለውጥ ጥርት ያለና ሩቅ የሚሰማ ድምፅ ይሰጣል። ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም፤ ከ2017 ጀምሮም ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስለሆነ፣ ጥሬውን እንጨት ከውጭ ለማስመጣት ሰነድ ያስፈልግዎታል።

መልስ 2፦
እዚያው አርካንሳስ የሚበቅለውን ኦሴጅ ኦሬንጅ ለምን ይተዉታል? ለአጥር ምሰሶ ሲተከል ለአሥርት ዓመታት የማይበሰብስ እንጨት ነው። አዲስ ሲጠረብ ደማቅ ቢጫ ሲሆን፣ ብርሃን ሲያገኘው ወደ ቡናማ ይለወጣል (እኔ ቢጫውን ብመርጥም)። ኮኮቦሎ የሚባለው የመካከለኛው አሜሪካ እንጨትም በተፈጥሮ ቅባቱ ውሃን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ብናኙ ቆዳን የሚያሳክክና መተንፈሻን የሚያውክ በመሆኑ፣ ያለ ጭምብል እንዳይሠሩበት።

መልስ 3፦
ከየትኛውም ቢሠሩ፣ ቀዳዳውን በመጀመሪያ አጥብበው በስተው ለጥቂት ሳምንታት ያስቀምጡት፤ ትክክለኛውን ልክ የሚያወጡት እንጨቱ ከረጋ በኋላ ነው።