የጭንቅላት ውሃ በዘር ይመጣል ወይ? ሁለተኛ ልጅ ለመውለድ ፈራሁ

የናሆም እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 3 ዓመቱ ነው። በ7ኛ ወሬ አልትራሳውንድ ስነሣ ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ መብዛቱ ታየ፤ እንደተወለደም ሻንት (ውሃውን የሚያፈስ ቱቦ) ገባለት። ጀርባው ላይ ክፍተት የለውም፣ ማጅራት ገትርም አልያዘውም። ሁለቱ አውራ ጣቶቹ ግን ወደ መዳፉ የታጠፉ ናቸው። ሰሞኑን እናቴ ወንድሟ በሕፃንነቱ ጭንቅላቱ እያደገ እንደሞተ ነገረችኝ። የባለቤቴ ቤተሰቦች «ከእሷ ዘር ነው» ይሉኛል። እውነት ከእኔ ነው? ደግሜ ባረግዝስ?

የሕፃናት ሐኪም፦
እህቴ፣ የጣቶቹንና የአጎትሽን ነገር መጥቀስሽ በጣም ይጠቅማል። አብዛኛው የጭንቅላት ውሃ የሚመጣው በኢንፌክሽን፣ በደም መፍሰስ ወይም በህብለ ሰረሰር ክፍተት ነው። ያንቺ ታሪክ ግን ኤል1ካም የሚባለውን ዘረ መል ያስጠረጥራል። ይህ ዘረ መል የነርቭ ሴሎች ሲያድጉ መንገዳቸውን እንዲይዙ ይረዳል፤ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የአንጎል ፈሳሽ የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦም ይጠባል። ከ30,000 ወንድ ልጆች በግምት አንዱን ያጠቃል። የሚገኘው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፣ ወንድ ግን መተኪያ የለውም። ተሸካሚ ከሆንሽ እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመም ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ሴቶቹም ግማሽ ያህሉ ተሸካሚ ይሆናሉ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ናቸው። መጀመሪያ የናሆም ደም ይመርመር፣ ለውጡ ከተገኘ ያንቺ። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ማንም ዘረ መሉን መርጦ አይወለድም።

የሁለት ልጆች እናት፦
አይዞሽ እህቴ። እኔም ይህን ንግግር ሰምቼዋለሁ፣ አጥንት ይሰብራል። የኔ የመጀመሪያ ልጅ ውሃው የመጣው ከጀርባ ክፍተት ጋር ነበር። ከሁለተኛው በፊት ሐኪሜ በቀን 4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ አዘዘልኝ፣ ልጁም ጤነኛ ሆነ። የኔ መጠን ላንቺ ላይሆን ስለሚችል ጠይቂ።

የሕፃናት ሐኪም፦
ልክ ነሽ። ፎሊክ አሲድ የኤል1ካምን ለውጥ አያስተካክልም፤ ግን ማንኛዋም ሴት ከማርገዟ በፊት ጀምራ በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ብትወስድ ይመከራል።

ከሜሪላንድ፦
እኔ እዚህ ነው ያስመረመርኩት። አገር ቤት ናሙናው ወደ ውጭ ላብራቶሪ የሚላክ ከሆነ ዋጋውንና ውጤቱ የሚመጣበትን ጊዜ አስቀድመሽ ጠይቂ። ወረቀቱን እንዳትጥይው! የዘረ መሉ ለውጥ በትክክል ካልተጻፈ በሚቀጥለው እርግዝና ምን እንደሚፈለግ አይታወቅም። ከታወቀ ግን ከ15ኛው ሳምንት ጀምሮ የሽርት ውሃ ተወስዶ ይመረመራል።

የአፋር ጎረቤት፦
እናትና አባት ዘመዳሞች ለሆኑበት ቤትም አንድ ነገር ልጨምር። ሰባት ቤት ሳይቆጥር በሚጋባ ማኅበረሰብ ውስጥ ከሁለቱም ወላጅ የሚወረስ ዓይነት አለ፤ ኤምፒዲዜድ የሚባለው ዘረ መል አንዱ ነው። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ ሴት ልጅም ልትታመም ትችላለች፣ የእያንዳንዱ ልጅ ዕድልም ከ4 አንድ ነው።

የናሆም እናት፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ታናሽ እህቴ የ4 ወር ነፍሰ ጡር ናት። ልንገራት ወይስ ውጤቱን ልጠብቅ?

የሕፃናት ሐኪም፦
ዛሬውኑ ንገሪያት። ተሸካሚ ከሆንሽ እሷም የመሆን ዕድሏ ግማሽ ነው። በ20ኛው ሳምንት አልትራሳውንዱ ደህና ቢሆንም በዚያ አትቁም፤ ውሃው ዘግይቶ ሊታይ ስለሚችል በ28ኛው አካባቢ ትድገም። የቤተሰቡን ታሪክም ለሐኪሟ ራሷ ትንገር፣ ካርዷ ላይ ይጻፍላት።