ትናንት የተፈለፈሉት የሲ ብሪም (የባሕር ዓሣ) እጮቼ አፍ የላቸውም!

ዛጎሏ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያዬ ነው፤ እንዳትስቁብኝ። የሲ ብሪም እንቁላሎቼ ትናንት ማታ ተፈለፈሉ። ጠዋት አንዷን በማይክሮስኮፕ አየኋት። 3 ሚሊ ሜትር አትሞላም። ልቧ ይመታል፤ ደሟ ግን ቀለም የለውም። ዓይኗ እንደ መስታወት ነው። አፍ የሚባል ነገር የላትም፤ አንጀቷም ቀጥ ያለ ክር ነው። ብዙዎቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ሞተዋል እንዳልል ስነካቸው ይፈናጠራሉ። ምግብ እንዲሆናቸው ሮቲፈር (በጣም ደቃቅ የውኃ እንስሳ) ልጨምርላቸው?

ብርቱካናማው፦
ጨምሪ እንጂ! የኔ ክላውንፊሾች በተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ ነው አደን የጀመሩት።

አሮጌው ገንዳ፦
ብርቱካናማው፣ ክላውንፊሽ ሌላ ነው። እንቁላሉን ድንጋይ ላይ ለጥፎ ሳምንት ገደማ ይጠብቀዋል። እጩም ዓይኑ ጠቁሮ፣ አፉ ተከፍቶ ይወጣል። ሲ ብሪም ግን ባሕር ላይ በትኖ ይሄዳል። በ2 ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ ሥራው ሳያልቅ ማለት ነው።

ዛጎሏ፣ እንዳትጨምሪ። የሚበላ የለም፤ ሮቲፈሩ ሞቶ ውኃሽን ያበላሻል። ስንቃቸውን ሆዳቸው ላይ ተሸክመዋል፦ የአስኳል ከረጢትና አንዲት የዘይት ጠብታ። ዘይቱ ከውኃ ስለሚቀል የሚገለብጣቸውም እሱ ነው። የሚሠራ ጊል (የዓሣ መተንፈሻ) ገና የላቸውም፤ ኦክስጅን የሚስቡት በቆዳቸው ነው። ትርፍ ጨው የሚያስወጡት ሴሎችም ለጊዜው እዚያው ቆዳና ከረጢቱ ላይ ናቸው። ውኃሽ 18 ዲግሪ ገደማ ከሆነ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ዓይናቸው ይጠቁራል፣ አፋቸው ይከፈታል፣ ጉበትና ቆሽትም ይደርሳሉ። አብረው መድረሳቸው ሁሌም ይገርመኛል። ካላየች አፉ ምን ይሠራላታል? ጨጓራ ግን ሳምንታት ይቀሩታል። ደረቅ መኖ ቶሎ የማይስማማቸው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ዛጎሏ (በ4ኛው ቀን)፦
ዓይኗ ጠቆረ! አፏንም ትከፍትና ትዘጋለች። ዛሬ ሮቲፈር ሰጠሁ። የውኃው ገጽ ላይ ስስ ቅባት ነገር አለ፤ ልተወው?

አሮጌው ገንዳ፦
ኧረ አትተዪው! እኔን ጉድ የሠራኝ እሱ ነው። በእነዚህ ቀናት ወደ ላይ ወጥተው አየር ጎርሰው እንዳይሰምጡ የሚያንሳፍፋቸውን የአየር ከረጢት መሙላት አለባቸው። ከጉሮሮ ወደ ከረጢቱ የምትሄደው ቱቦ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው የምትከፈተው፤ ከዚያ ትደፈናለች። ቅባት ካለ ገጹን ሰብረው አይወጡም። የመጀመሪያዎቹ እጮቼ ጥሩ ይበሉ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። በኋላ ጭራቸው ወደ ታች ከበደ። ላለመስጠም ቀን ከሌት ሲዋኙ ጀርባቸው ጎበጠ። ግማሹን ጣልኩት።

በቀጭን ቱቦ የውኃው ገጽ ላይ አየር ልቀቂበት። ቅባቱ ጥግ ሲይዝ ጠዋትና ማታ ጥረጊው። ሰሞኑን በማይክሮስኮፕ ስታዪ ከአከርካሪያቸው ሥር የምታበራ አረፋ ፈልጊ፤ በአየር የተሞላው ከረጢት እሷ ናት።

ዛጎሏ (በ9ኛው ቀን)፦
ከ10 እጭ 7ቱ ላይ አረፋዋ አለች። ጥረጋው ቀጥሏል።