መኪናዬ ወደ ቀኝ ትጎትታለች፣ ነገ ንጋት ላይ መንገድ አለብኝ

የማራኪው፦ ድረሱልኝ! ትናንት ማታ ጉድጓድ ውስጥ ዘፍ አልኩ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ወደ ቀኝ ትጎትታለች፤ ቀጥ ብዬ ስነዳ መሪው ወደ ግራ ዞሮ ነው የሚቆመው። ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለሰርግ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር እነሳለሁ። ጋራዡ መብራት ስለሌለ ማሽኑ አይሠራም ብሎ መለሰኝ። አላይመንቱን፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከሉን፣ ግቢ ውስጥ ራሴ ልሥራው? ክሪክና ቁልፍ አለኝ።

ባለ ዶልፊኑ፦ የምን መኪና?

አያ ሾፌር፦ ልጄ፣ እኛ ሊማሊሞን በዚያ በድሮው የጭነት መኪና በኤንትሬ ስንወርድ ማሽን የት ነበር? ሲባጎና ዓይን ነበር! ዛሬ አንድ እጅ መሪ ላይ፣ አንዱ ስልክ ላይ፤ ጉድጓዱ ምን ያርግ?

ቀልደኛው፦ ምን አስጨነቀህ፣ አዘዞ ላይ መሪውን ልቀቅላት፣ ወደ ቀኝ ታጥፋ መተማ ታደርስሃለች።

የማራኪው፦ ቪትዝ ናት። ጋሼ፣ ስልክ አልያዝኩም፣ ጨለማ ነው!

ብረት ቁልፍ፦ መጎተት ሁሉ አላይመንት አይደለም። መጀመሪያ የጎማ ንፋስ ለካ። ጥቂት ነድተህ ቸርኬዎቹን በእጅህ ጠጋ ብለህ ሞክር፤ የቀኙ ከግራው ይበልጥ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ይዟል። ካልሆነ ሁለቱን የፊት ጎማዎች አቀያይር፤ መጎተቱ ወደ ግራ ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው።

ባለ ዶልፊኑ፦ ንፋስ ለካ።

ቀልደኛው፦ ተባለ እኮ!

የማራኪው፦ ንፋሱ እኩል ነው፣ ቸርኬውም አይሞቅም። እሺ፣ አላይመንቱን ለመለካት ሜትሩን እንዴት ልያዝ?

ብረት ቁልፍ፦ ክሪክ ላይ አትለካ፣ ጎማዎቹ መሬት ይርገጡ። መሪውን ቀጥ አድርገህ እሰር። በሁለቱ የፊት ጎማዎች ጀርባ፣ በመሃላቸው ከፍታ፣ በጠመኔ ምልክት አድርግና በመካከላቸው ያለውን ለካ። ከዚያ ምልክቶቹ ወደ ፊት እስኪመጡ ግፋትና ድገም። የፊቱ እኩል ወይም 1–2 ሚሊሜትር ጠበብ ይበል። ካልሆነ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን የመሪ ዘንግ ዳዶ አላላ፣ ዘንጉን ሩብ ዙር ብቻ አዙር፣ ደግመህ ለካ። ዳዶው ከዛገ ዘይት አጠጣውና ሻይህን ጠጣ።

የማራኪው፦ ዘንጉ በስተቀኝ ትንሽ ጎበጥ ብሏል መሰለኝ።

ብረት ቁልፍ፦ ይሄን አሁን ነው የምትነግረን? ተው በቃ። የጎበጠ ዘንግ ይቀየራል እንጂ በመዶሻ አይቀናም። በዚህ ባሕር ዳር አትሂድ፣ ሚኒባስ ያዝ።

ባለ ባጃጁ፦ የኔም ባጃጅ ወደ ግራ ትጎትታለች። ይሄው የሜትሩ ዘዴ ይሠራል?

ቀልደኛው፦ ከፊት ያለችህ አንድ ጎማ፤ ከማን ጋር ልትለካት ነው?