ቴርማል ካሜራ ስናዝዝ «ለማን ነው፣ ለምን ነው» የሚል ፎርም መጣብን፣ ከጀርባው የስለላ መስሪያ ቤት አለ የሚባለው እውነት ነው?

የጠባሴው ቴክኒሻን (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት። እዚህ ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪካል ሜንቴናንስ ነው የምሰራው፣ እና ሞተር እየተቃጠለብን ተቸግረናል፣ ማለትም ቤሪንግ ሲግል ወይ ፓነል ውስጥ ቦልቱ የላላ ኬብል ሲኖር በዓይን አይታይም፣ በእጅ ደግሞ አትነካውም፣ ሸተተኝ ስትል አልቆለታል። ቴርማል ካሜራ፣ ማለትም ሙቀትን በምስል የሚያሳይ ካሜራ፣ ቢኖር ግን ፓነሉን ከፍተህ አንዴ ስታየው ከሶስቱ ፌዝ የጋለው አንዱ ብቻ ነጭ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል፣ አጥብቀኸው ትሄዳለህ፣ ማሽኑም አይቆምም ሰራተኛውም ተበትኖ አይውልም። አለቆቼን ለምኜ በጀት አስፈቅጄ አሜሪካ ላለ ሻጭ ፕሮፎርማ ጠየቅን፣ ሰዎቹ ዋጋውን ትተው ፎርም ላኩልን። ድርጅታችሁ ምን ያመርታል፣ ካሜራውን ማን ይይዘዋል፣ የት ይቀመጣል፣ ለሌላ ሀገር ትሸጡታላችሁ ወይ፣ ለጦር ኃይል ወይ ለሚሳይል ወይ ለኒውክሌር ስራ ይውላል ወይ... እኛ ክር የምንፈትል ሰዎች ነን እኮ!

አንድ ጓደኛዬ ይሄ ፎርም ቀጥታ ሲአይኤ ጋር ነው የሚሄደው አለኝ። አለቃዬ ይህን ሲሰማ ይቅርብን ማለት ጀምሯል። ሌላ የማውቀው ነጋዴ ደግሞ ዱባይ ባለ ሰው በኩል ያለ ምንም ፎርም አስገባልሃለሁ ይለኛል። ነገሩን የምታውቁ አስረዱኝ፣ ምንድነው የሚፈሩት? እኔስ ምን ላድርግ?

ጅሩ (እነዋሪ፣ አሁን አዲስ አበባ)

ወንድሜ መጀመሪያ አይክፋህ፣ ፎርሙ አንተን ለይተው ጠርጥረው የላኩት አይደለም። ቴርማል ካሜራ ለሁለት ነገር የሚሆን ዕቃ ነው፣ ያንተን ፓነል የሚያይልህ አይነት ሴንሰር ጠመንጃ ላይ ተገጥሞ ሌሊት ሰው ያሳያል፣ ድሮን ላይም ይገጠማል። እንደዚህ አይነት ዕቃ ብዙ ነው፣ በኮምፒውተር የሚመራ ትክክለኛ የብረት መቁረጫ (ሲኤንሲ) ማሽን፣ አንዳንድ ፓምፕና ቫልቭ፣ ቺፕ፣ ሶፍትዌር ሳይቀር። ስለዚህ የሚጠይቁት ስለ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ዕቃው መጨረሻ ላይ ማን እጅ እንደሚገባ ነው።

የስለላ ሰዎች አሉበት ወይ ላልከው፣ አዎ አሉበት ግን ጓደኛህ እንዳለው አይደለም። ፎርሙን መጀመሪያ የሚያነበው ሻጩ ራሱ ነው፣ ምክንያቱም ሳያጣራ ልኮ ቢገኝ የሚቀጣው እሱ ነው። ዕቃው ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ ማመልከቻው ወደ ንግድ ሚኒስቴራቸው ይሄዳል፣ እዚያ ለብቻው አይወሰንም፣ መከላከያው የውጭ ጉዳዩና የኢነርጂው መስሪያ ቤት እያዩት ነው፣ በ1995 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የወጣ የፕሬዝዳንት ትዕዛዝ አለ፣ መስሪያ ቤቶቹ በ30 ቀን ውስጥ አስተያየት እንዲሰጡ፣ ጠቅላላው ደግሞ በ90 ቀን እንዲያልቅ ወይ ወደ ፕሬዝዳንቱ እንዲወጣ የሚል። የመረጃ ሰዎች ስራ እዚህ መሀል ነው የሚገባው፣ ይህ ገዢ የተባለው ድርጅት በእርግጥ አለ ወይ፣ ከጀርባው ሌላ ሰው አለ ወይ፣ አድራሻው ከዚህ በፊት ከተያዘ ሰው አድራሻ ጋር ይገጥማል ወይ የሚለውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጉምሩክ ሳጥኑን ያያል እንጂ የሳጥኑን ባለቤት ታሪክ አያውቅም።

ይሄ ቅንጅት ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ ተታለው ነው የተማሩት። በ1949 አሜሪካና ወዳጆቿ ለሶቭየት ጎራ የማይሸጥ ዕቃ የሚወስን ኮኮም የሚባል ኮሚቴ አቋቁመው ፓሪስ ላይ ይሰበሰቡ ነበር። ዝርዝሩ ነበራቸው፣ ማን በየት በኩል እያሾለከ እንደሆነ ግን በደንብ አያውቁም። ብዙው የተገለጠላቸው በ1981 ነው፣ ቭላድሚር ቬትሮቭ የሚባል የሶቭየት ስለላ ድርጅት የኬጂቢ መኮንን፣ የምዕራቡን ቴክኖሎጂ መሰብሰብ ስራው በሆነው ክፍል ውስጥ የሚሰራ ሰው፣ ለፈረንሳይ ደህንነት ወደ 4000 የሚጠጋ ሰነድ አወጣላቸው። የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ሚተራን በዚያው ዓመት ሐምሌ ኦታዋ ላይ ለአሜሪካው ፕሬዝዳንት ለሬገን ነገሩት። ሰነዱ ውስጥ ምን እንደተፈለገ፣ ምን እንደተገኘ፣ ማን እንዳመጣው ተጽፏል። ከዚያ ነው አሜሪካኖቹ ሲአይኤ ዘንድ የቴክኖሎጂ ዝውውርን ብቻ የሚከታተል የመረጃ ኮሚቴ ያጠናከሩት፣ ጉምሩካቸውም ኦፕሬሽን ኤክሶደስ ብሎ ወደብ ላይ ሳጥን መክፈት የጀመረው፣ ፈረንሳይም በ1983 47 የሶቭየት ሰዎችን ያባረረችው።

እና እንደዚያም ሆኖ አመለጣቸው። የቶሺባን ነገር ሰምተህ ይሆናል፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቶሺባ ማሽን ለሌኒንግራድ የመርከብ ማምረቻ የፕሮፔለር መቁረጫ ሸጠ፣ የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩን ኮንግስበርግ የሚባለው የኖርዌይ ኩባንያ አቀረበ። ፈቃድ ሲጠየቅ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ባለ ሁለት አክሲስ፣ ማለትም በሁለት አቅጣጫ ብቻ የሚንቀሳቀስ ቀላል ማሽን ነው፣ መርከብ ላይ የተጫነው ግን ባለ ዘጠኝ አክሲስ። ያ ማሽን የሚቆርጠው ፕሮፔለር የባህር ሰርጓጅ ድምጽ ይቀንሳል። የተያዘው በስለላ ብቃት አይደለም፣ ሽያጩ ውስጥ የነበረ የንግድ ድርጅት ሰራተኛ በ1985 መጨረሻ ለኮኮም ደብዳቤ ጽፎ ነው። በ1987 ነገሩ ሲወጣ የአሜሪካ ኮንግረስ አባላት ምክር ቤቱ ደጃፍ የቶሺባ ሬዲዮ በመዶሻ ሰባበሩ። አንተን አሁን «የት ክፍል ነው የሚቀመጠው» የሚልህ ፎርም የዚህ ሁሉ ልጅ ነው።

የአንኮበሩ መምህር

ልጄ ጅሩ ያስቀመጠው ጥሩ ነው፣ እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ ነገር ለኛ አካባቢ አዲስ አይደለም። ከኔ ቤት ቁልቁል በሚታየው መንገድ ነው ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ፣ ሐረር ላይ በስሙ ቤት ያለው፣ በፈረንጆቹ በየካቲት 1887 ጠመንጃ አስጭኖ አንኮበር የገባው። ምኒልክ ያን ጊዜ አንኮበር ስላልነበሩ እንጦጦ ድረስ ሄዶ 2040 ጠመንጃ ሸጠላቸው። ለምን እስከዚያ ዘገየ ብትሉ፣ አንዱ ምክንያት እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1886 ተስማምተው በባህር ዳርቻው በኩል ለሸዋ መሳሪያ እንዳይገባ መከልከላቸው ነው፣ ነጋዴዎቹ ታጁራ ላይ ተቀምጠው ለፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የአቤቱታ ደብዳቤ እስከመጻፍ ደርሰዋል። አንዱ ወደብ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ከሆነ ክልከላው ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ይመካከራሉ። በ1906 ታህሳስም እንግሊዝ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለ ኢትዮጵያ የሶስትዮሽ ውላቸውን ሲፈርሙ በዚያው ቀን ወደ ሀገራችን ስለሚገባ መሳሪያ ሌላ ስምምነት ፈርመዋል፣ እኛ ሳንጠየቅ።

የሚያመኝ 1935ቱ ነው። ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ ለሁለቱም አንሸጥም ተባለ። ጣሊያን ፋብሪካው ቤቷ ነው፣ እኛ ግን ጥይቱን ከውጭ ነው የምንገዛው። ለሁለቱም እኩል የተባለው ክልከላ የወደቀው አንዱ ላይ ብቻ ነው። ዕቃ አደገኛ እጅ እንዳይገባ መቆጣጠር ተገቢ ነው፣ ይህን አልክድም፣ ግን ዝርዝሩን የሚጽፈው ሁልጊዜ ማምረት የሚችለው ነው፣ የሚጠብቀው ደግሞ ሁልጊዜ እንዳንተ ያለው ሰራተኛ ነው። ያንን እያወቅህ ፎርሙን ሙላ፣ አትሸማቀቅ።

የሸዋሮቢት ልጅ

በ2021 ጦርነቱ እኛ ቤት ድረስ በገባበት በዚያው በህዳር አይደል እንዴ አሜሪካ ኢትዮጵያን የመሳሪያ ክልከላ ዝርዝር ውስጥ የከተተችው? እና እኛ የኢትዮጵያ አድራሻ ስንጽፍ በቃ አይሰጡንም፣ ለምን ትደክማላችሁ።

ጅሩ

ወንድሜ የደረሰባችሁን አውቀዋለሁ፣ ግን ሁለቱን እንለያያቸው። ያኔ የተባለው በውጭ ጉዳያቸው ስር ያለው የመከላከያ ዕቃ ነው፣ ማለትም ለጦር ተብሎ የተሰራው። የፋብሪካ ካሜራ ሌላ ዝርዝር ላይ ነው ያለው፣ በንግድ ሚኒስቴር ስር። ኢትዮጵያ የሚል አድራሻ ስላዩ ብቻ ይዘጉታል ማለት አይደለም፣ ጠለቅ ብለው ያጣሩ ይሆናል እንጂ።

ትራንዚተሩ

እኔ ልናገር የምፈልገው ስለ ዱባዩ ነገር ነው፣ ወንድሜ እባክህ አታድርገው። ዕቃን በሶስተኛ ሀገር ማዞር የመረጃ ሰዎች ከሁሉም በላይ የሚፈልጉት ምልክት ነው። የፓኪስታኑ የአብዱል ቃዲር ካን የኒውክሌር መረብ መናኸሪያው ዱባይ ነበር፣ በጥቅምት 2003 ቢቢሲ ቻይና የምትባል መርከብ ከዱባይ ወደ ሊቢያ ስትሄድ አቅጣጫዋን አስቀይረው ጣሊያን ታራንቶ ወደብ አስገብተው ፈተሿት፣ ማሌዥያ የተሰራ የሴንትሪፉጅ፣ ማለትም የዩራኒየም ማበልጸጊያ ማሽን፣ ክፍል ነበር የጫነችው። የአሜሪካና የእንግሊዝ ስለላ አብረው ተከታትለው ነው። ከዚያ ሰባት ወር ሳይሞላ በሚያዝያ 2004 የጸጥታው ምክር ቤት 1540 የሚባለውን ውሳኔ አወጣ፣ ማንኛውም ሀገር፣ እኛም ጭምር፣ እንደዚህ አይነት ዕቃ በግዛቱ በኩል እንዳያልፍ መቆጣጠር አለበት የሚል። እና አንተ ለአንድ ካሜራ ብለህ የፋብሪካህን ስም እንደዚህ ባለ መንገድ ላይ ብታስቀምጠው፣ ነገ ለማሽናችሁ ስፔር ፓርት ስታዝዙ ስማችሁ ሲታይ ምን ይባላል?

ደግሞ እዚህም ያለውን አትርሳ። ዕቃው ቦሌ ካርጎ ደርሶ ኢንቮይሱ ላይ «ካሜራ» ብቻ ቢል ዲክላራሲዮን ሲሰራ ጥያቄ ይነሳብሃል፣ ድሮን ያለ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ እንደማይገባ ሁሉም ያውቃል፣ ሙቀት የሚያይ ካሜራ ሲባልም ፈታሹ ቆም ማለቱ አይቀርም። ከማዘዝህ በፊት የድርጅቱን ደብዳቤና የካሜራውን ሞዴል ይዛችሁ ኢንሳንም ጉምሩክንም ጠይቁ፣ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጠዋት ሄደህ ማታ ትመለሳለህ። አንድ ደንበኛዬ ይህን ሳይጠይቅ አምጥቶ ዕቃው መጋዘን ተቀምጦ የመጋዘን ኪራዩ ከዕቃው ዋጋ ጋር ሊተካከል ነበር።

የዩኒቨርሲቲው ልጅ (ደብረ ብርሃን)

እኔም በዚህ አጋጣሚ ልጠይቅ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ጂፒዩ (የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ) ልንገዛ ነበር፣ የአሜሪካው አምራች የኢንቪዲያ ዕቃ ለአፍሪካ ተከለከለ የሚባል ወሬ ሰማሁ እውነት ነው?

ጅሩ

አይደለም። በጥቅምት 2022 የመጣው ክልከላ ያነጣጠረው ቻይና ላይ ነው፣ ለትልልቅ ኤአይ የሚሆኑትን ቺፖች። በጥር 2025 ግን አብዛኛውን ዓለም በኮታ የሚያስገባ ደንብ አውጥተው ነበር፣ እኛንም የሚነካ፣ ስራ ላይ ሊውል ሲል በግንቦት እንሰርዘዋለን አሉ። ወሬው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ለአንድ ፕሮጀክት የሚገዛ የዴስክቶፕ ካርድ ያን ጊዜም ጉዳዩ አልነበረም፣ ግዙ።

የጠባሴው ቴክኒሻን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ መምህር እርስዎንም፣ የጻፉትን ለአለቃዬ አንብቤለት ዝም ብሎ ነው የሰማኝ። ዱባይን ትቼዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ የመረጥነው ካሜራ በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ነው፣ ለውጥ አለው? «ለምን ስራ» በሚለው ላይስ «ለሞተር ፍተሻ» ብዬ ብጽፍ ይበቃል?

ጅሩ

ለውጥማ አለው፣ ዋናውን ነገር አሁን ነው ያመጣኸው! በነሱ ደንብ በሰከንድ 9 ምስልና ከዚያ በታች የሚያነሳው ቀለል ባለው ክፍል ነው የሚመደበው፣ ወደ ብዙ ሀገርም ያለ ፈቃድ ይላካል። ምክንያቱ ደግሞ ትርጉም አለው፣ የሚሮጥ መኪና ወይ የሚበር ነገር ለመከተል ፈጣን ምስል ያስፈልጋል፣ የቆመ ፓነል ለማየት ግን አያስፈልግም፣ ቦልቱ የትም አይሄድብህም። ስለዚህ ሻጩን 9 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 9 ምስል የሆነውን ሞዴል ስጠኝ በለው፣ ብዙ አምራቾች አንዱን ካሜራ በሁለቱም ፍጥነት ያወጡታል። ፎርም መሙላቱ ላይቀርልህ ይችላል፣ ግን ፈቃድ ጠብቁ ከሚለው ትድን ይሆናል።

«ለሞተር ፍተሻ» ብቻ አይበቃም፣ አጭር መልስ ነው የሚያጠራጥራቸው። ስንት ሞተር እንዳላችሁ፣ ስንት ኪሎዋት እንደሆኑ፣ ፓነሉ ስንት ቮልት እንደሆነ፣ ካሜራው ሜንቴናንስ ክፍል ተቆልፎ እንደሚቀመጥና ማን እንደሚፈርምበት ጻፍ። የንግድ ፈቃዱንና የፋብሪካውን ፎቶ አያይዝ። አድራሻውን ፖስታ ሳጥን ቁጥር ብቻ አታድርገው፣ ቀበሌውንና መንገዱን ጻፍ፣ ደውለው ቢጠይቁም የሚያነሳው ሰው ስለ ካሜራው የሚያውቅ ይሁን። ከመጣ በኋላ ሲሪያል ቁጥሩን ንብረት መዝገብ ላይ አስፍር፣ አንዳንዴ ኤምባሲያቸው ሰው ልኮ ዕቃው የተባለበት ቦታ መኖሩን ያያል፣ ያኔ ከቁምሳጥን አውጥተህ ታሳያቸዋለህ። ፋብሪካው አንድ ቀን ሊሸጠው ወይ ለሌላ ሊያውሰው ቢያስብ ሻጩን ሳትጠይቅ እንዳታስወጣ፣ ፎርሙ ላይ የምትፈርመው ለዚያም ጭምር ነው።

የጠባሴው ቴክኒሻን

9 ኸርዝ ያለውን ጠየቅኩ፣ አለ ብለውኛል፣ ዋጋውም ቀነስ ይላል። የሞተሮቹን ዝርዝር ከኔምፕሌታቸው ላይ እየገለበጥኩ ነው፣ የድርጅቱን ደብዳቤ ይዘን ኢንሳና ጉምሩክ ሄደን ያሉንን እዚሁ እጽፋለሁ፣ ሌላ ፋብሪካ ያላችሁም ትጠቀሙበታላችሁ።