የመንተባተብ ስፒች ቴራፒ፦ የቱ ይሻላል ላላችሁኝ

ስለ ስፒች ቴራፒ (የንግግር ሕክምና) የምትጠይቁኝ በዛችሁ እዚሁ ልጻፈው። ባለሙያ አይደለሁም፣ ከልጅነቴ የምንተባተብ ሰው ነኝ፣ በተለይ ስምህ ማነው ስባል ነው ጭራሽ አፌ የሚያያዘው።

ለህፃን ከሆነና 6 ዓመት ካልሞላው ሊድኮምብ የሚባለውን ዘዴ የሚያውቅ ቴራፒስት ፈልጉ። አውስትራሊያ ውስጥ የተሰራ ነው፣ ዋናውን ስራ እናት ወይ አባት ናቸው ቤት ውስጥ የሚሰሩት፣ ልጁ ሳይንተባተብ ሲያወራ ጎሽ እያሉ፣ ቴራፒስቱ በሳምንት አንዴ እያየ ያስተካክላል። አብዛኛው ህፃን በራሱ ጊዜ ይተወዋል እውነት ነው፣ ግን ከጀመረው 6 ወር ካለፈ ወይ ከቤተሰቡ አድጎም ያልተወው ሰው ካለ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ።

ለትልቅ ሰው ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አነጋገርህን ከስሩ መቀየር ነው፣ ቀስ ብለህ፣ ድምፁን እየሳብክ። እኔ ቴራፒው ክፍል ውስጥ እንደ ዜና አንባቢ ነበር የማወራው፣ ወጥቼ ስልክ ስደውል ግን ወፍ የለም። ሌላው ቻርለስ ቫን ራይፐር የሚባል አሜሪካዊ (ራሱም ይንተባተብ ነበር) ያስፋፋው ነው፣ ከመደበቅ ይልቅ ሳይታገሉ መንተባተብ፣ ቃሉ ሲይዝህ መሃል ላይ ላላ አድርገህ መውጣት፣ አንዳንዴማ ሆን ብለህ መንተባተብ። ሆን ብለህ ስባል ተነስቼ ልወጣ ነበር እኮ፣ ግን ለኔ የሰራው እሱ ነው ምክንያቱም ፍርሃቱን ነው የሚነካው። አሁን ብዙዎቹ ሁለቱንም ቀላቅለው ይሰጣሉ።

አፕና መሳሪያስ? የራስህን ድምፅ ትንሽ አዘግይቶ በጆሮህ የሚመልስልህ አለ፣ አንዳንዱ ሰው ወዲያው ይፈታል፣ እኔን ሁለት ሳምንት ሰራልኝና ጆሮዬ ለመደው፣ ጫጫታ ቦታ ላይማ ያደናግራል። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ውዱን ከመግዛታችሁ በፊት በነፃ አፕ ሞክሩት። በአስር ቀን እናድናለን የሚል ካያችሁ እለፉት፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም ለመንተባተብ ብሎ ያጸደቀው መድኃኒት የለም።

ኦንላይን ወይስ በአካል ላላችሁ፣ በቪዲዮ ምንም አይልም፣ ግን ፊት ለፊት እያየህ ብቻ ሳይሆን በድምፅ ጥሪም አለማምደኝ በሉ፣ ችግሩ ያለው እዛ ነዋ። የትም ሂዱ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከዚህ በፊት ስንት የሚንተባተብ ሰው ይዘሃል (ብዙ ስፒች ቴራፒስት የሚውለው አፍ ያልፈቱ ልጆችና ስትሮክ የመታቸው ሰዎች ጋር ነው)፣ ተሳካ የምትለውስ ምን ሲሆን ነው? "ጭራሽ ሳትንተባተብ ስታወራ" ካለ እኔ አልመለስበትም። ብር ለሌለው ከ1947 ጀምሮ ያለው የአሜሪካው ስታተሪንግ ፋውንዴሽን (የሚንተባተቡ ሰዎችን የሚረዳ ድርጅት) ነፃ ቪዲዮና ጽሑፍ አለው፣ እንግሊዝኛ መሆኑ ነው እንጂ።

ለ15 ዓመት ልጅሽ የጠየቅሽኝ እህቴ፣ መጀመሪያ እሱን ራሱን ጠይቂው። እኔ በዛ እድሜ በግድ ተወስጄ ሶስቱንም ቀጠሮ አፌን ሳልከፍት ነው የጨረስኩት።